ለትልቁ ካሜራ የሚሆን የኪስ ካሜራ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ፎቶ አንሺዎች የምርጫ መመሪያ

ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ከ24–70 ኤፍ 2.8 ማርክ 2 ሌንሱ ጋር 1.7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 70–200 ኤፍ 2.8 ሲታከልበት ከ3 ኪሎ ያልፋል። ለሰርግና ለምርቃት ይህን መሸከም ግዴታ ነው። ነገር ግን ደሴ ላይ ጥሩ ፎቶ የሚገኘው ቦርሳ ተይዞ በተወጣበት ቀን ብቻ አይደለም። ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ ተወርዶ የኮምቦልቻ ሜዳ ሲገለጥ፣ ሰኞ ገበያ በሸራው ክፍተት የገባ ብርሃን አንድ ነጋዴ ፊት ላይ ሲያርፍ፣ ትልቁ ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ተቀምጧል።

ለዚህ ሁለተኛ ካሜራ የሚፈልግ ሰው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ስንት ሜጋፒክሰል ነው? ስንት ድረስ ይስባል?” ብሎ ነው። በዚህ መንገድ የተገዛ ካሜራ ትልቁ ካሜራ የሚሠራውን ሥራ ራሱን፣ ከእሱ አሳንሶ ይሠራል፤ ከጥቂት ወር በኋላም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። መጠየቅ ያለበት ትልቁ የማይችለውን ምን ይችላል የሚለው ነው። የሚከተለው ንጽጽር በዚህ ላይ የቆመ ነው።

መመዘኛዎቹ

ውፍረት። ርዝመትና ቁመት ብዙም አያስቸግሩም፤ ኪስን የሚያስጨንቀው ውፍረት ነው። እስከ 35 ሚሊ ሜትር ያለው ሱሪ ኪስ ይገባል። ከ40 እስከ 45 ያለው የጃኬት ወይም የኮት ኪስ ይፈልጋል፤ ደሴ ላይ ዓመቱን ሙሉ ጃኬት ስለሚለበስ ይህ ችግር አይደለም፣ በኮምቦልቻ ሙቀት ግን ይታሰብበት። ከ50 በላይ ከሆነ ሻጩ የፈለገውን ቢል የቦርሳ ካሜራ ነው።

ብርሃን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ኤፍ የሚባለው የሌንሱ ቀዳዳ (አፐርቸር) ቁጥር ነው፤ ባነሰ መጠን ብዙ ብርሃን ያስገባል። ትንሽ ካሜራ ላይ “ኤፍ 1.8” ተጽፎ ሲታይ ከትልቁ ኤፍ 2.8 ሌንስ የሚበልጥ ይመስላል። የሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) መጠን ካልታሰበ ግን ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የአፐርቸሩ ቁጥር በሴንሰሩ ክሮፕ (ሴንሰሩ ከፉል ፍሬም፣ ማለትም እንደ 5ዲ ካለው ካሜራ ትልቅ ሴንሰር፣ ስንት እጥፍ እንደሚያንስ) ይባዛል። ባለ 1 ኢንች ሴንሰር ክሮፑ 2.7፣ ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው መካከለኛ ሴንሰር 1.5 (በካኖን 1.6)፣ በአሮጌ ትንንሽ ካሜራዎች ያለው 1/2.3 ኢንች ደግሞ 5.6 ነው። ስለዚህ 1 ኢንች ላይ ያለ ኤፍ 1.8 በፉል ፍሬም ሲታሰብ ኤፍ 4.9 ያህል ነው፤ ኤፒኤስ-ሲ ላይ ያለ ኤፍ 2.8 ደግሞ 4.2። በዚህ ቦታ የሁለቱ ልዩነት ግማሽ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው) እንኳ አይሞላም። ዙሙ ተስቦ ኤፍ 2.8 ላይ ሲደርስ ግን 1 ኢንቹ 7.6 ይሆናል፣ ልዩነቱም ወደ 1.7 ስቶፕ ይሰፋል። የ1/2.3 ኢንቹ ኤፍ 2 ወደ 11 ይወርዳል። ቡና በሚፈላበት በአንድ አምፖል በሚበራ ክፍል ውስጥ ይህ ልዩነት ንጹሕ ፊትንና የተጨማለቀ ፊትን ይለያል።

ፍጥነት። ካሜራው ከኪስ ወጥቶ የመጀመሪያውን ፎቶ እስኪያነሳ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ሌንሱ የሚወጣና የሚገባ ከሆነ መነሳቱንም ፎከሱንም መጠበቅ አለ።

አቧራና እርጥበት። በበጋ የኮምቦልቻ መንገድ አቧራ፣ በሐምሌና በነሐሴ የደሴ ዝናብና ጉም አለ። ኪስ ካሜራን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን የራሱ የኪሱ ብናኝ ነው። የሚወጣና የሚገባ ሌንስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አየር ይስባል፤ የኪስ ብናኝና የጨርቅ ቃጫ አብሮ ገብቶ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። የእነዚህ ካሜራዎች ሌንስ ስለማይነቀል በንፋስ ጎማ ማጽዳት አይቻልም፤ ካሜራው መፈታት አለበት።

ባትሪ። ትንሽ ካሜራ ትንሽ ባትሪ ነው ያለው። መብራት በሚጠፋበት ቀን ከፓወር ባንክ መሞላቱ ትልቅ ነገር ነው።

ዋጋ። የብር ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥና አብዛኛው ዕቃ ያገለገለ ወይም በሰው እጅ ከውጭ የመጣ ስለሆነ እዚህ የተጻፈው ካሜራው ለገበያ ሲወጣ የነበረው የዶላር ዋጋ ነው። ደረጃውን ለማወቅ እንጂ ለመደራደር አይሆንም።

ሪኮ ጂአር 3 እና 3ኤክስ

ጂአር 3 በ2019 ወጣ። ውፍረቱ 33 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 257 ግራም ነው፤ ውስጡ ግን ከካኖን 250ዲ የማያንስ፣ 24 ሜጋፒክሰል ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር አለ። ሌንሱ 28 ሚሊ ሜትር (በፉል ፍሬም የታሰበ) ኤፍ 2.8 ነው፣ አይስብም። በ2021 የወጣው 3ኤክስ አካሉ ያው ሆኖ ሌንሱ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ጠባብ መንገድና ክፍል ውስጥ ለሚሠራ 28ቱ፣ ሰው ላይ ለሚያተኩር 40ው ይሻላል።

የዚህ ካሜራ ጥበብ “ስናፕ ፎከስ” የሚባለው ነው። ፎከሱ በቅድሚያ በርቀት ይቆለፋል፤ ቁልፉ አንዴ ሙሉ በሙሉ ሲጫን ምንም ሳይፈልግ ያነሳል። በ28ቱ ርቀቱ 2.5 ሜትር፣ አፐርቸሩ ኤፍ 8 ላይ ከተደረገ ከ1 ሜትር ከትንሽ ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል። ኤፍ 5.6 ላይ ከ1.4 እስከ 15 ሜትር ገደማ ነው። ቀን ላይ ፒያሳ ወይም ባቲ የሰኞ ገበያ ውስጥ ለሚራመድ ሰው ይህ ከማንኛውም አውቶፎከስ ይፈጥናል፤ ካሜራውን ዓይን ላይ ማድረግም አያስፈልግም። አይኤስኦው (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) አውቶ ላይ ሆኖ ዝቅተኛው የሹተር ፍጥነት 1/250 ሰከንድ ቢደረግ የሚራመድ ሰው አይደበዝዝም።

ሮው ፋይሉ (ያልተቀነባበረው ምስል) ዲኤንጂ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ አሮጌ ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይም ይከፈታል። በዩኤስቢ-ሲ ይሞላል፣ 2 ጊጋባይት የውስጥ ማከማቻም ስላለው ካርድ የረሳን ያድናል። ጉድለቱም ግልጽ ነው። ባትሪው 200 ፎቶ ገደማ ብቻ ያነሳል፤ ሁለት ተጨማሪ ባትሪ የዋጋው አካል ተደርጎ መታሰብ አለበት። ፍላሽ የለውም፣ እርጥበት አይከላከልም፣ በአቧራ መግባትም በጣም ይታወቃል። በ2025 የወጣው ጂአር 4 የውስጥ ማከማቻው 53 ጊጋባይት ሲሆን የሚጠቀመው ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ነው። እሱም ቢሆን ከእርጥበት አይጠበቅም።

ሶኒ አርኤክስ100 ማርክ 3፣ እና እህቶቹ

በአንድ ስም ሁለት የተለያዩ ካሜራዎች አሉ ማለት ይቻላል። ከማርክ 3 እስከ ማርክ 5ኤ ያሉት 24–70 ኤፍ 1.8–2.8 ሌንስ አላቸው። ማርክ 6 እና 7 ደግሞ 24–200 ኤፍ 2.8–4.5 ናቸው። ስሙ አንድ ስለሆነ ቁጥሩ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይደለም። ማርክ 7 ሰፊው ጫፍ ላይ እንኳ ወደ ኤፍ 7.6 የሚጠጋ የብርሃን አቅም ብቻ አለው፤ 200 ላይ 12 ይደርሳል። ቦርሳችሁ ውስጥ 70–200 ካለ ደግሞ ያንኑ ርቀት በደካማ ብርሃን ሁለተኛ መግዛት ነው። ማርክ 7ን መግዛት የሚያዋጣው ረጅም ሌንስ ለሌለውና ብዙውን በቀን ለሚያነሳ፣ ወይም ቪዲዮ ላይ ለሚያተኩር ነው፤ የማይክ ቀዳዳም አለው።

ማርክ 3 በ2014 ነው የወጣው፤ 290 ግራም፣ 41 ሚሊ ሜትር። ብቅ የሚል ቪውፋይንደር (ዓይን ተጠግቶ የሚያይበት መስኮት) እና ፍላሽ አለው፣ ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተርም ውስጡ ተገጥሞለታል። ባትሪው እስከ 320 ፎቶ ያነሳል፤ ማርክ 5ኤ ፎከሱ በጣም የፈጠነ ቢሆንም ወደ 220 ይወርዳል። አካሉ ለስላሳ ስለሆነ ከእጅ ያንሸራትታል፤ የእጅ ማሰሪያ ገመድ ሳያስሩ መያዝ ጥሩ አይደለም።

ፍላሹ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ትልቁ ካሜራ የማይችለው ነገር የሚገኘው እዚህ ነውና። 5ዲ ማርክ 4 ያለ ሃይ ስፒድ ሲንክ (ፍላሽን ከፈጣን ሹተር ጋር የሚያስኬድ ስልት) ከ1/200 ሰከንድ በላይ ከፍላሽ ጋር አይሠራም። የእነዚህ ትንንሽ ካሜራዎች ሹተር ግን ሌንሱ ውስጥ ስለሆነ እስከ 1/2000 ድረስ ፍላሹ አብሮ ይሄዳል። በቀትር ኮምቦልቻ ላይ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ፊቱ ጥቁር፣ ሰማዩ ነጭ ይወጣል። ትንሹ ካሜራ ሹተሩን ከፍ አድርጎ ሰማዩን ያጨልማል፣ በትንሿ ፍላሹም ፊቱን ያበራል፤ 2 ሜትር ላይ ላለ ሰው ይበቃል። ይኸው ሹተር ድምፁ አይሰማም ማለት ይቻላል። የትልቁ መስታወት “ቀጭ” ሲል ሰው ዞር በሚልበት በጸሎት፣ በለቅሶና በሽምግልና ቦታ፣ ከተፈቀደ በኋላ፣ ይህ ክብርን መጠበቅም ነው።

ካኖን ጂ7ኤክስ ማርክ 2 እና 3

ሌንሱ 24–100 ኤፍ 1.8–2.8 ነው፤ እስከ 100 ድረስ ከኤፍ 2.8 አይወርድም። ለፊት ፎቶ ከሶኒ ማርክ 3 ይመረጣል። ስክሪኑ ወደ ፊት ይዞራል፣ መያዣም አለው። ቪውፋይንደር ስለሌለው በቀትር ፀሐይ ስክሪን ማየት ያስቸግራል።

ካኖን የለመደ ሰው ሜኑውን ወዲያው ይለምደዋል፣ የቆዳ ቀለሙም ከትልቁ ካኖኑ ጋር ይቀራረባል። ለሰርግ ፎቶ አንሺ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሁለት ካሜራ ፎቶ አንድ አልበም ላይ ሲገባ ቀለም ማስማማት ሌሊት ያስፈጃል። አንድ ልዩነት ይታወቅ፦ ማርክ 2 ሮው ፋይሉ ሲአር2 ነው፣ ማርክ 3 ሲአር3። ላይትሩም 6 ላይ የቆየ ሰው ሲአር3ን መክፈት አይችልም። ማርክ 3ን በዩኤስቢ ለመሙላትም ፓወር ዴሊቨሪ የሚባለው የኃይል አሰጣጥ ያለው ቻርጀር ያስፈልጋል፤ ተራ የስልክ ቻርጀር ተሰክቶ ካልሞላ ካሜራው ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ፉጂፊልም ኤክስ100ቪ እና 6ኛው

በጣም ያምራል፣ ፎቶውም ያምራል። 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 ሌንሱ በዚህ ንጽጽር ውስጥ ካሉት ሁሉ ብዙ ብርሃን ያስገባል። ነገር ግን 53 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 478 ግራም ነው፤ በ2024 የወጣው 6ኛው 521 ግራም ይደርሳል። ኪስ አይገባም። አንገት ላይ ይንጠለጠላል እንጂ። ትልቁን ካሜራ ሙሉ በሙሉ ቤት ጥሎ ለመጓዝ ለሚፈልግ ሰው ተገቢ ነው፤ የትልቁ ረዳት እንዲሆን ለሚፈልግ ሰው ግን ሁለተኛ ሸክም ነው። ከዝናብ እንዲጠበቅ አዳፕተር ቀለበትና ፊልተር ለብቻው መገዛት አለበት።

ኦሊምፐስ ቲጂ-6

እስከ 15 ሜትር ውኃ ውስጥ ይገባል፣ አቧራ አያስገባም፣ ከ2.1 ሜትር ቢወድቅ ይችላል፤ ሌንሱ ከውስጥ ስለሚንቀሳቀስ ምንም የሚወጣ ነገር የለም። 1 ሴንቲ ሜትር ድረስ ተጠግቶ ያነሳል። ሐይቅ ላይ በጀልባ ለሚሠራ፣ በግንባታ ቦታ ለመሐንዲስ፣ በእርሻ ቅጠልና ተባይ ለሚያነሳ የግብርና ባለሙያ ከእሱ የሚወዳደር የለም። ማታና ቤት ውስጥ ግን ከጥሩ ስልክ ያንሳል፤ በዚህ መደባበስ አያስፈልግም። ቲጂ-7 በ2023 ወጥቶ ዩኤስቢ-ሲ ጨመረ፣ ሴንሰሩ ግን ያው ነው።

ሳይገዙ መቅረት

ካኖን 250ዲ ያለው ሰው ኢኤፍ-ኤስ 24 ኤፍ 2.8 ኤስቲኤም የሚባለውን ጠፍጣፋ ሌንስ ቢገጥም ሙሉ ዕቃው 575 ግራም ይሆናል፤ ሌንሱ ራሱ 125 ግራም ነው። ኮት ኪስ ውስጥ ሲጨናነቅ ይገባል። ይህ ሌንስ 5ዲና 6ዲ ላይ አይገጥምም፤ ለእነሱ ኢኤፍ 40 ኤፍ 2.8 ኤስቲኤም አለ።

ጥሩ ስልክ ያለውም ቆም ብሎ ያስብ። ለቀን ብርሃንና ወዲያው ለመላክ ስልኩ ይበቃል። የኪስ ካሜራ ከስልኩ የሚበልጥበት እውነተኛ ዙም፣ ከስልክ መብራት የተለየ ብልጭ የሚል ፍላሽ እና ሳያዩ የሚነካ ቁልፍ ነው። የስልክ መብራት እስክስታ የሚመታን ትከሻ አያቆምም፤ የካሜራ ፍላሽ ያቆማል። ገበያው ላይ የሚዞሩት ባለ 1/2.3 ኢንች አሮጌ ትንንሽ ካሜራዎች በጥራት ከዛሬ ስልክ ስለሚያንሱ፣ ያንን የቆየ መልክ የሚፈልግ ካልሆነ በቀር አይመከሩም።

ሠንጠረዥ

የሌንሱ ሚሊ ሜትርና የብርሃን አቅም የተባለው በፉል ፍሬም የታሰቡ ናቸው፤ የብርሃን አቅሙ ቁጥር ባነሰ መጠን ይሻላል።

| ምርጫ | ውፍረት (ሚ.ሜ) | ክብደት (ግ) | ሌንስ | የብርሃን አቅም | በአንድ ባትሪ | መነሻ ዋጋ (ዶላር) | ዋና ጉድለት |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ሪኮ ጂአር 3 | 33 | 257 | 28 ኤፍ 2.8 | 4.2 | 200 | 899 | አቧራ፣ ፍላሽ የለውም |
| ሶኒ ማርክ 3 | 41 | 290 | 24–70 ኤፍ 1.8–2.8 | 4.9–7.6 | 320 | 800 | ያንሸራትታል |
| ሶኒ ማርክ 7 | 43 | 302 | 24–200 ኤፍ 2.8–4.5 | 7.6–12 | 260 | 1,200 | ማታ ይደክማል |
| ካኖን ጂ7ኤክስ ማርክ 2 | 42 | 319 | 24–100 ኤፍ 1.8–2.8 | 4.9–7.6 | 265 | 700 | ቪውፋይንደር የለውም |
| ፉጂ ኤክስ100ቪ | 53 | 478 | 35 ኤፍ 2 | 3 | 350 | 1,399 | ኪስ አይገባም |
| ኦሊምፐስ ቲጂ-6 | 32 | 253 | 25–100 ኤፍ 2–4.9 | 11–27 | 340 | 449 | ጨለማ |
| 250ዲ ከ24 ሌንስ ጋር | 90 ገደማ | 575 | 38 ኤፍ 2.8 | 4.5 | 1,070 | 149 (ሌንሱ ብቻ) | ትልቅ ነው |

ለማን የቱ?

ለሰርግና ለዝግጅት ፎቶ አንሺ፣ ትልቁ ካኖን ከሆነ፣ ያገለገለ ጂ7ኤክስ ማርክ 2 የመጀመሪያ ምርጫ ነው፤ ትልቁ ሶኒ ከሆነ አርኤክስ100 ማርክ 3 ወይም ማርክ 5ኤ። ለጎዳና ፎቶና ለራሱ ሥራ፣ በአንድ ሌንስ መኖር ለለመደ፣ ያለ ጥርጥር ጂአር። በአንድ ሌንስ መኖር መቻሉን የማያውቅ ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የትልቁን ዙም 28 ላይ በፕላስተር አጣብቆ አንድ ሳምንት ይሥራ። ካበሳጨው ጂአር ለእሱ አይደለም። ገንዘቡ ያልሞላ፣ ኤፒኤስ-ሲ ካኖን ያለው፣ ጠፍጣፋውን ሌንስ ገዝቶ ይቆይ። ለውኃና ለአቧራ ቲጂ። ኤክስ100 ከተፈለገ ደግሞ ትልቁን ለመተካት እንጂ ለመርዳት ተብሎ አይገዛ።

ያገለገለ ሲገዛ የሚታይ

ካሜራውን አሥር ጊዜ ያህል አብሩትና አጥፉት። ሌንሱ ሲወጣ የሚንቋቋ፣ መሃል ላይ የሚያመነታ ወይም ዘንበል ብሎ የሚቆም ከሆነ ጥርሱ ተጎድቷል ወይም አሸዋ ገብቷል፤ ብዙም ሳይቆይ “ሌንስ ኤረር” ብሎ ይቆማል። ዋጋው ቢቀነስም ተዉት።

ከዚያ ደጅ ውጡ። አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ዝጉት፤ ጂአር ላይ ኤፍ 16፣ ሶኒ ማርክ 3 ላይ ኤፍ 11 ነው። ፎከሱን አደብዝዛችሁ ንጹሕ ሰማይ አንሱና ምስሉን አጉልታችሁ ከጥግ እስከ ጥግ እዩት። ተመሳሳይ ቦታ ላይ የሚደጋገም ጥላ መሰል ነጥብ ሴንሰር ላይ ያለ ቆሻሻ ነው። አንድ ፈዛዛ ነጥብ ለመደራደር ይሆናል፤ አምስት ስድስት ከሆነ መፍታት ያስፈልጋል። ሱቅ ውስጥ በኤፍ 2.8 የተነሳ ፎቶ ይህን ሁሉ ይደብቃል።

በስልክ መብራት ሌንሱን ከጎን አብሩበት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ በደሴ ክረምት እርጥበት ውስጥ በሌጦ ቦርሳ የከረመ ካሜራ ላይ የተለመደ ነው። ሶኒው ላይ ቪውፋይንደሩንና ፍላሹን ብቅ አድርጋችሁ ሞክሩ። ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ ቋንቋውን እዩ፦ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ሶኒዎች ጃፓንኛ ብቻ ናቸው፣ ወደ እንግሊዝኛ አይለወጡም። ባትሪው አብጦ ከሆነ ከቀዳዳው ሲወጣ ይታገላል።

ከገዙ በኋላ

ካሜራው በትንሽ ዚፕ ከረጢት ወይም ብናኝ በማይተው ጨርቅ ተጠቅልሎ ለብቻው ኪስ ይያዝ፤ ሳንቲምና ቁልፍ አይግባበት። ኪሱን በየሳምንቱ ገልብጣችሁ አራግፉ። በደሴ ብርድ የከረመ ካሜራ ውኃ የሚፈላበት ሞቃት ክፍል ሲገባ ሌንሱ ላብ ያወጣል፤ እስኪሞቅ ከከረጢቱ አይውጣ፣ ሌንሱም አይከፈት። በክረምት ማታ ማታ እርጥበት መጣጭ ሲሊካ ጄል ካለበት ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ይደር።

ለሥራ ከመውጣታችሁ በፊት የሁለቱን ካሜራ ሰዓት ጎን ለጎን አድርጋችሁ በሰከንድ አስተካክሉ። ላይትሩም ፎቶዎቹን በተነሱበት ሰዓት ሲደረድራቸው ቀለበት ማድረጉና እልልታው በየቦታቸው ይወድቃሉ፤ አንዱ ካሜራ በስድስት ሰዓት ከተዛባ ግን 800 ፎቶ በእጅ መልቀም ይመጣል። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) ሁለቱም ላይ በአንድ ቁጥር ቆልፉ፤ ቤት ውስጥ በአምፖል 3,200 ኬልቪን ጥሩ መነሻ ነው። በኤልኢዲ መብራት ሥር ደግሞ ኤሌክትሮኒክ ሹተር ያላቸው ሞዴሎች ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ስለሚያወጡ ወደ ሜካኒካል ሹተር መልሷቸው።